ሊቀርቡት የማይቻለው ሲቀርብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ።

በከተማችን በጅማ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ የቡናውን ሥራ ትተው ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አደግድገው፣ ጫማቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ታቦቱ እስኪያልፍ ድረስ ግንባራቸውን ከአስፋልቱ ሳያነሡ ቆዩ። ከእርሳቸው ጥቂት እልፍ ብሎ አንድ ወጣት ለታቦቱ ጀርባውን ሰጥቶ በስልኩ ራሱን ፎቶ ያነሣ ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንኳ ከየሱቃቸው ወጥተው በአክብሮት ሲያሳልፉ እያየሁ የእኛ ልጅ ድፍረት አሳዘነኝ። ነገር ግን ስለ ስልክ ብዙ መናገር አልሻም፤ ልጁን አንድ የንስሐ አባት በፍቅር ቢመክረው ይመለሳል። ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ አክብሮት መስሎ የሚኖረው ሌላው ድካማችን ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ስለ እግዚአብሔር ሲናገር «ማንም ሊቀርበው በማይችል ብርሃን ይኖራል፤ አንድ ሰው እንኳ አላየውም ሊያይም አይቻለውም» ይላል (1ኛ ጢሞ. 6፥16)። ሱራፌል ፊታቸውን በክንፋቸው የሚሸፍኑለት፣ መላእክት ባሕርዩን መርምረው የማይደርሱበት አምላክ ነው። ይህ አምላክ ሥጋን ለብሶ ወደ ዮርዳኖስ መጣ፤ ያውም ወንጌላዊው ሉቃስ እንደሚነግረን ሕዝቡ ሁሉ ከተጠመቁ በኋላ፣ ኃጢአታቸውን ሲናዘዙ የነበሩ ሰዎች በወረዱበት ውኃ ተጠመቀ። በመቅረቡ ከአምላክነቱ የጎደለ የለም፤ በውኃው መካከል ቆሞ ሳለም ዓለምን የያዘ እርሱ ነው፤ እንዴት እንደ ሆነ ግን የእኛ አእምሮ አይደርስበትም። መዝሙረኛው «ባሕር አየች ሸሸችም፥ ዮርዳኖስም ወደ ኋላው ተመለሰ» ያለውን በበዓሉ ስንሰማ፣ ግዑዙ ፍጥረት ፈጣሪውን አይቶ መቆም እንዳልቻለ እንረዳለን።

ቅዱስ ዮሐንስ ግን ቆመ። እኔ በዚህ ቅዱስ መገረም አልጠግብም። በእናቱ ማኅፀን ሳለ ለጌታው የዘለለ፣ በበረሃ የግመል ጠጉር ለብሶ ያደገ፣ «የጫማውን ጠፍር ልፈታ አይገባኝም» ያለ ሰው ነው፤ በዚያች ቀን ደግሞ ጠፍሩን ከመፍታት እጅግ የሚከብድ አገልግሎት ተጠየቀ። «እኔ በአንተ ልጠመቅ ያስፈልገኛል አንተም ወደ እኔ ትመጣለህን?» ብሎ ከለከለ። እዚህ ላይ ጌታ አለመብቃቱን አላስተባበለለትም፤ በቅተሃልም አላለውም፤ «አሁንስ ፍቀድልኝ» አለው እንጂ። ፈጣሪ ፍጡሩን ፍቀድልኝ ሲል ማን ሰምቶ ያውቃል? ዮሐንስም እየተንቀጠቀጠ ፈቀደለት። ፍርሃቱ ወደ በረሃ አላሸሸውም፤ ለትእዛዙ እንዲያድር አደረገው እንጂ። ሰማይ ሲከፈት ለማየትና የአብን ድምፅ ለመስማት የታደለውም ስላልሸሸ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። እሑድ በቅዳሴ ዲያቆኑ ንኡሰ ክርስቲያን፣ ገና ያልተጠመቁት፣ እንዲወጡ ያዝዛል፤ እኛ አንወጣም፤ ተጠምቀናልና መቆም ይገባናል። ነገር ግን ሥጋ ወደሙ ሲቀርብ የሚቀርቡት በእናቶቻቸው ጀርባ ያሉ ሕፃናትና ጥቂት አረጋውያን ናቸው። ሌላው ሁሉ፣ በጉልበቱ ያለው ወጣትና ጎልማሳ፣ የቅዳሴ ጠበል ጠጥቶ ይሄዳል። ስንጠየቅ መልሳችን የታወቀ ነው፤ «አልበቃሁም፣ ሳረጅ እቆርባለሁ» እንላለን። ወንድሜ ሆይ፣ እርጅናን ማን ዋስ ሆኖ ሰጠህ? ደግሞስ ስታረጅ በራስህ የምትበቃ ይመስልሃልን? ሳይገባው ስለሚበላና ስለሚጠጣ ሐዋርያው የጻፈውን ሁላችንም በቃላችን እንጠቅሳለን፤ ከእርሱ በፊት ያለውን ግን እንዘለዋለን፤ «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ»። ራሱን ፈትኖ ይራቅ አላለም። ኃጢአታችንን ላለመተው ፈልገን መራቃችንን ትሕትና ብለን መሰየማችን፣ ይቅር በሉኝና፣ ከዚያ ወጣት ድፍረት የሚተናነስ አይደለም።

በእውነት የሚፈሩ፣ ስለ ኃጢአታቸው ሌሊት የሚያለቅሱ እንዳሉም አውቃለሁ፤ ለእነርሱ ተግሣጽ የለኝም። ኢሳይያስ «ከንፈሮቼ የረከሱብኝ ሰው» ብሎ ሲጮኽ ሱራፊው ፍሙን በጉጠት ይዞ ወደ እርሱ በረረ፤ ፍሙም ኃጢአቱን አስተሰረየለት እንጂ አላቃጠለውም። ጴጥሮስም «እኔ ኃጢአተኛ ሰው ነኝና ከእኔ ተለይ» ብሎ በጉልበቱ ሲወድቅ ጌታ ከታንኳው አልወረደም፤ «አትፍራ» አለው።

የነነዌ ጾም እየቀረበ ነው፤ ዐቢይ ጾምም ይከተላል። የንስሐ አባት የሌላችሁ በየአጥቢያችሁ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱን አነጋግሩ፤ ያላችሁም ከራቃችሁ ተመለሱ፤ የታዘዛችሁትን ቀኖና ፈጽሙ፤ 18 ሰዓት ጾማችሁም ቅረቡ። በካህኑ ፊት ከምን እንደምትጀምሩ ከጠፋችሁ ጴጥሮስ በታንኳው ላይ ያለውን በሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እርሳቸው እየጠየቁ ያግዟችኋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።