የቤላንግሎ ግድያዎች፦ በስህተት የሚነገረውና እውነታው

ከ1989 እስከ 1992 ባሉት ዓመታት (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ሊፍት እየጠየቁ ይጓዙ የነበሩ ሰባት ወጣቶች ጠፉ። ሦስቱ ጀርመናውያን፣ ሁለቱ ብሪታንያውያን፣ ሁለቱ አውስትራሊያውያን ነበሩ። አስከሬናቸው በ1992 እና በ1993 ከሲድኒ በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው የቤላንግሎ ደን ተገኘ። የመንገድ ሥራ ሠራተኛው ኢቫን ሚላት በ1996 በሰባቱም ግድያ ጥፋተኛ ተባለ። ስለዚህ ጉዳይ የሚወራው ብዙ ነው፤ ግማሹ ግን ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም።

«አስከሬኖቹ እስኪገኙ ድረስ ፖሊስ ፍንጭ አልነበረውም»

ነበረው። ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 አንድ ብሪታንያዊ ወጣት በሲድኒ ዳርቻ ሊፍት አገኘ። ሾፌሩ ስሙ «ቢል» እንደሆነ ነገረው። ወደ ቤላንግሎ መገንጠያ ሲቃረቡ መኪናውን አቁሞ ሽጉጥ መዘዘ። ወጣቱ ቦርሳውንና ፓስፖርቱን ጥሎ ወረደና በሂዩም አውራ ጎዳና ላይ ሮጠ፤ ከኋላው ተተኮሰበት። በዚያ የምታልፍ አንዲት ሴት በመኪናዋ አሳፍራው ቦውራል ወደሚገኘው ፖሊስ ጣቢያ አደረሰችው። የሰውየውን መልክና መኪናውን ገልጾ ቃሉን ሰጠ። ነገሩ ግን እዚያው ቀረ። ከሰባቱ አምስቱ የተገደሉት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ከዚህ ጉዳይ ሁሉ የሚያንገበግበው ይህ ነው።

በኖቬምበር 1993 ያመለጠው ወጣት የአስከሬኖቹን ዜና ሰምቶ ከብሪታንያ ለመርማሪዎቹ ደወለ፤ ያሳፈረችው ሴትም በበኩሏ ደወለች። ጥቆማው በሺዎች ስለነበር የእሱ መልእክት እስከ ኤፕሪል 1994 ድረስ የሚያየው አጣ። ሲገኝ ወደ አውስትራሊያ አስመጡት፤ በቪዲዮ ከቀረቡለት ሰዎች መካከል ሚላትን ለይቶ አወጣው። ሜይ 22 ቀን 1994 ሚላት ሲያዝ የመጀመሪያው ክስ የግድያ አልነበረም፤ በዚሁ ወጣት ላይ የተፈጸመው ዝርፊያና የጦር መሣሪያ ጉዳይ ነበር። ለመያዝም ሆነ ቤቱን ለመፈተሽ ጽኑ መሠረት የሰጠው ያመለጠው ሰው ቃል ነው። የግድያ ክሱ የተከተለው ከቀናት በኋላ ነው።

«ሲገድል ያየ ስለሌለ ክሱ ደካማ ነበር»

ያየ አለመኖሩ እውነት ነው። ዐቃቤ ሕግ የቆመው በአብዛኛው በአካባቢ ማስረጃ፣ ማለትም ድርጊቱን በቀጥታ ሳይሆን በዙሪያው ባሉ ነገሮች በሚያስረዳ ማስረጃ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ማስረጃ ደግሞ የሚመዘነው ተነጣጥሎ ሳይሆን ተያይዞ ነው። በሚላት ቤት ግድግዳ ውስጥ የተደበቁ የሩገር 10/22 ጠመንጃ ክፍሎች ተገኙ። ጠመንጃ ሲተኮስ መምቻውና ሌሎች ክፍሎቹ በቀለሁ ላይ የየራሳቸውን ጭረት ይተዋሉ፤ ከደኑ የተለቀሙት ቀለሆች በዚህ መንገድ ተመርምረው ከክፍሎቹ ጋር ተዛመዱ። የሟቾቹ የመኝታ ከረጢት፣ የካምፕ ማብሰያና ካሜራም ከሚላትና ከዘመዶቹ እጅ ተገኙ። ያመለጠው ወጣት ሸሚዝ እንኳ ነበር። የዘመዶቹ ቤቶች በዚያው ዕለት ባይፈተሹ ኖሮ ወሬው ቀድሞ ዕቃው በሸሸ ነበር።

የሚላት ጠበቆች ወንጀሉን ሌላ የቤተሰቡ አባል ፈጽሞት ሊሆን ይችላል ብለው ተከራከሩ። አንድ ካሜራ በአጋጣሚ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል፤ ከተለያዩ ዓመታት የተሰበሰበ የበርካታ ሟቾች ንብረት ግድግዳ ውስጥ ከተደበቀ መሣሪያ ጋር ሲገጥም ግን አጋጣሚ ማለት ይከብዳል። ጁሪው (ፍርድ የሚሰጡት ተራ ዜጎች) ጁላይ 27 ቀን 1996 ጥፋተኛ አለው።

«በመጨረሻ ራሱ አምኗል»

አላመነም። ኦክቶበር 27 ቀን 2019 በ74 ዓመቱ በካንሰር እስኪሞት ድረስ ንጹሕ ነኝ እንዳለ ነበር። ለፍርዱ የተከሳሽ የእምነት ቃል አያስፈልግም ነበር።

«ዕድሜ ልክ ማለት ሃያ ዓመት ነው፤ በአመክሮ ይወጣ ነበር»

በኒው ሳውዝ ዌልስ ከ1990 መጀመሪያ ወዲህ ለነፍስ ግድያ የሚፈረድ ዕድሜ ልክ እስከ ሞት ድረስ የሚዘልቅ ነው። ሚላት ለእያንዳንዱ ሟች አንድ፣ በጠቅላላው ሰባት የዕድሜ ልክ እስራት ያለ አመክሮ ተፈረደበት። ባመለጠው ወጣት ላይ ለፈጸመው ደግሞ ስድስት ዓመት። በ1997 ከሜይትላንድ እስር ቤት ለማምለጥ ሲያሴር ተደረሰበትና ጥበቃው ወደጠነከረው ወደ ጎልበርን ተዛወረ። ይግባኙም በ1998 ተሰረዘ።

«በቤላንግሎ የሞተ ሁሉ የእሱ ሰለባ ነው»

በ2010 በዚያው ደን አጽም ሲገኝ ብዙዎች ወዲያው የሚላትን ስም አነሱ። በ2015 በዲኤንኤ ሲለይ ግን አጽሙ በ2008 የተገደለች ወጣት ሴት ሆነ፤ ሚላት ያን ጊዜ ከታሰረ 14 ዓመት ሆኖት ነበር። ገዳይዋ ሌላ ሰው ነው፤ በ2018 ጥፋቱን አምኖ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ2010 በደኑ ውስጥ የተገደለው ታዳጊም ጉዳይ ሌላ ነው። በታዳጊው ግድያ የተፈረደበት የሚላት የሥጋ ዘመድ ስለሆነ ሁለቱን መዝገቦች የሚያምታቱ አሉ። በሌሎች የጠፉ ሰዎች ጉዳይም ሚላት ተጠርጥሯል፤ በፍርድ የተረጋገጡበት ግድያዎች ግን ሰባት ብቻ ናቸው።