የፍተሻ ጂግ ምንድን ነው?

አንድ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ መፈተሽ ጨዋታ ነው። ኃይል ይሰጡታል፣ ቮልቴጁን ይለካሉ፣ የፕሮግራም መጫኛውን ኬብል ይሰኩበታል፣ መብራቱ ብልጭ ሲል ወደ ጎን ያስቀምጡታል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ። ሠላሳኛው ላይ ግን ወገብ ይይዛል፣ ዓይን ይፈዛል፣ ኬብሉም ይላላል። ከሁሉ የሚብሰው በእጅ የያዙት ቦርድ ከተፈተሸው ክምር ይነሣ ካልተፈተሸው መለየት ሲያቅት ነው። እኔ ጂግ የሚባለውን ነገር በቁም ነገር የያዝኩት ስልሳ ቦርድ በዚህ መንገድ በእጄ ካሳለፍኩ በኋላ ነው።

የፍተሻ ጂግ ለአንድ የቦርድ ዓይነት ብቻ ተብሎ የሚሠራ ማቀፊያ ነው። ቦርዱ በላዩ ተቀምጦ ሲጫኑት፣ ከሥር የተተከሉ ባለ ሞላ መርፌዎች የሚፈለጉትን ነጥቦች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነካሉ። የሚሰካ ኬብል፣ የሚበየድ ሽቦ የለም። እጀታው ይወርዳል፣ ቁልፉ ይነካል፤ ከዚያ በኋላ መለካቱንም ፕሮግራም መጫኑንም ከጂጉ ጋር የተያያዘው ኮምፒውተር ይጨርሰዋል፣ ውጤቱንም በአረንጓዴ ወይም በቀይ መብራት ይናገራል። እንጨት ሠራተኛ አንድ ዓይነት ቀዳዳ መቶ ጊዜ መብሳት ሲኖርበት በየጊዜው እንዳይለካ መሰርሰሪያውን የሚመራ ማቀፊያ ያበጃል፤ የእኛም ጂግ የዚያ ዘመድ ነው።

የዚህ ዕቃ ልብ መርፌዋ ናት። ፖጎ ፒን ትባላለች፤ ስሟን ያገኘችው ልጆች ቆመውበት ከሚዘሉበት ባለ ሞላ ዘንግ ነው። ቀጭን ቱቦ፣ በቱቦው ውስጥ ሞላ፣ በሞላው ላይ የምትገባና የምትወጣ ጫፍ፤ ሌላ ነገር የላትም። በብዛት የምትገኘው ፒ75 ውፍረቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ቁጥሩ መርፌዎቹ ምን ያህል ተቀራርበው ሊተከሉ እንደሚችሉ በሺህኛ ኢንች ያመለክታል፤ ወደ 1.9 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ቀጭኗ ፒ50 እስከ 1.27 ሚሊ ሜትር ትጠጋለች፣ ግን ቶሎ ትጎብጣለችና ካላስገደደኝ አልነካትም። የጫፏ ቅርጽም ይለያያል። ሹሉ ለጠፍጣፋ ነጥብ ይሆናል፣ በላዩ ያለውን ስስ ቆሻሻ ወግቶ ያልፋልና። ዘውድ የሚመስለው ደግሞ በብየዳ ላበጠ ቦታ ይሻላል፤ ሹሉ እዚያ ላይ ይንሸራተታል።

ጀማሪ ሁሉ የሚሠራት አንዲት ስሕተት አለች፤ እኔም ሠርቻታለሁ። ሽቦውን በቀጥታ መርፌዋ ላይ መበየድ ነው። የቀለጠው ብረት ወደ ቱቦው ሰርጎ ሞላውን ያሰረዋል፣ መርፌዋም ምስማር ሆና ትቀራለች። መድኃኒቱ ለዚሁ የተሠራ እጅጌ ነው። እጅጌው ጂጉ ላይ ይተከላል፣ ሽቦው እጅጌው ላይ ይበየዳል፣ መርፌዋ ውስጡ ትሰካለች። ሲያረጅ መርፌዋን ነቅሎ ሌላ መሰካት ነው፤ ብየዳው አይነካም።

አንዲት መርፌ ስትጨመቅ ወደ 100 ግራም በሚሆን ኃይል ትገፋለች። እንደ ምንም የሚታይ ነው፤ ሠላሳ መርፌ ሲሆን ግን 3 ኪሎ፣ መቶ ሲሆን 10 ኪሎ ነው። ስለዚህ በአውራ ጣት መጫን አያዋጣም፣ ጨምቆ የሚቆለፍ እጀታ ያስፈልጋል። ቦርዱ የሚጫነውም መርፌዎቹ ባሉበት ትይዩ እንጂ ዳርና ዳር ብቻ መሆን የለበትም፤ አለዚያ መሐሉ ይጎብጣል። የጎበጠ ቦርድ ላይ ያለ የሴራሚክ ካፓሲተር (ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያከማች ትንሽ ክፍል) በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይይዝና ከወራት በኋላ ተጠቃሚው እጅ ላይ ይበላሻል። ጤነኛውን ቦርድ ራሱ ፍተሻው አሳመመው ማለት ነው።

በአነስተኛ ቁጥር ለሚያመርት ሰው ጂጉን መሥራት እንደሚፈራው አይደለም። የራሱን ቦርድ ንድፍ ቅጂ ይወስዳል፣ የፍተሻ ነጥቦቹን በእጅጌው ልክ ወደ ቀዳዳ ይቀይራል፣ ሁለት ባዶ ቦርድ ያሳትማል። ሁለቱን በመሐላቸው ክፍተት ትቶ በቡለን ያያይዛል፤ እጅጌዎቹ በሁለቱም ቀዳዳ ስለሚያልፉ መርፌዎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ልኩ ከምርቱ ንድፍ የተወሰደ ስለሆነ መርፌው ነጥቡን ይስታል የሚል ስጋት የለም።

የሚከብደው ሌላው ነው፤ ነጥቦቹ መጀመሪያውኑ ቦርዱ ላይ መኖር አለባቸው። ቦርዱ ሲነደፍ ለእያንዳንዱ የኃይል መስመር፣ ለግራውንድ (ከረንቱ ለሚመለስበት የጋራ መስመር)፣ ለፕሮግራም መጫኛ መስመሮችና መፈተሽ ላለበት ምልክት ሁሉ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ክብ ነጥብ ይተውለታል። ሁሉም በአንድ ገጽ ይሁኑ፤ ከላይም ከታችም የሚነካ ጂግ ጣጣው ብዙ ነው። ለመሪ ዘንግ የሚሆኑ ሁለት ቀዳዳዎችም ይጨመሩ፣ አንዱ ከሌላው ትይዩ ሳይሆን ትንሽ ገባ ብሎ። እንዲህ ከሆነ የደከመው ሰው ቦርዱን አዙሮ ማስቀመጥ ቢፈልግ እንኳ አይገባለትም።

የፍተሻው ቅደም ተከተል ላይ ድርድር የለኝም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ኃይል ከመሰጠቱ በፊት በኃይል መስመሩና በግራውንዱ መካከል ያለው ሬዚስታንስ ይለካል። ሾርት ያለበት፣ ማለትም መነካካት የሌለባቸው መስመሮች የተነካኩበት ቦርድ እዚህ ላይ ይወድቃል፣ ምንም ሳይጨስ። ቀጥሎ ኃይል ይሰጣል፣ ከረንቱ ግን ተገድቦ። ጤነኛው ቦርድ 40 ሚሊ አምፔር የሚወስድ ከሆነ 200 የሚጠይቀው ወደ ፊት አይሄድም። 3.3 ቮልት መሆን የሚገባው በእርግጥ 3.3 መሆኑ ከታየ በኋላ ነው ፕሮግራም የሚጫነው። ከዚያ ሴንሰሩ ይጠየቃል፣ ሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚታዘዘው ማብሪያ ማጥፊያ) ይከፈታል ይዘጋል፣ ሬዲዮው ይሰማል። ፕሮግራሙ የሚጫንበት ቺፕ፣ ማይክሮኮንትሮለሩ፣ እንዳይነበብ የሚቆለፍ ከሆነ መቆለፉ የመጨረሻው ሥራ ይሁን፤ ቀድሞ የቆለፈ የወደቀውን ቦርድ ምን እንደነካው ለማየት በሩን በራሱ ላይ ዘግቷል።

ፕሮግራም መጫን ብዙውን ጊዜ ረጅሙን ሰዓት ይበላል። በተለመደው ተከታታይ መስመር በሰከንድ 115,200 ቢት ሲላክ፣ ለአንድ ባይት አሥር ቢት ስለሚሄድ በሰከንድ የሚያልፈው 11,520 ባይት ነው። አንድ ሜጋባይት ለመጫን 91 ሰከንድ ይፈጃል፤ ለሦስት መቶ ቦርድ ሰባት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ፍጥነቱን ወደ 921,600 ከፍ ማድረግ የሚቻል ከሆነ ያው ሥራ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። አንዲት ቁጥር መቀየር ናት! ብዙ ሰው ግን ጂጉን ሲያሳምር ይከርምና ይህችን ሳያያት ያልፋል። ቦርዶቹ ሳይነጣጠሉ በአንድ ትልቅ ሰሌዳ ላይ እንዳሉ ሁሉንም አንድ ላይ መጫን ሌላው መንገድ ነው። ሁለት ጂግ ጎን ለጎን ማስቀመጥም ያዋጣል፤ አንዱ ሲሠራ እጅ በሌላው ላይ ቦርድ ይቀይራል።

አርም በሚባለው ንድፍ የተሠሩት ብዙዎቹ ማይክሮኮንትሮለሮች ፕሮግራም ለመጫን ከግራውንድና ከኃይል ሌላ ሁለት መስመር ብቻ ይበቃቸዋል። ቀደም ያለው ጄታግ የሚባለው የመገናኛ መንገድ መስመሩ ይበዛል፣ ግን መጀመሪያውኑ የታሰበው ለፍተሻ ነበር። ስሙን የሰጠው ቡድን በ1985 እ.ኤ.አ. ሲሰባሰብ የቸገረው ነገር የቦርዶች መጠጋጋት ነው፤ መርፌ የሚያሳርፉበት ቦታ እየጠፋ ሄደ። በ1990 ደረጃ ሆኖ የወጣው መፍትሔም በቺፑ ውስጥ አልፎ የእግሮቹን ብየዳ መፈተሽ ያስችላል።

መለያ ቁጥር የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ይሁን እንጂ ሰው አይሁን። ሁለት ቦርድ አንድ ቁጥር ይዘው ከወጡ በኋላ የትኛው የት እንደሄደ መፈለግ ዕዳ ነው።

ጂግ የሚዋሽበት ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ጂጌ የሙቀት ሴንሰሩን ይጠይቅ ነበር፤ መልስ ሳይመጣ ሲቀር ግን የጻፍኩት ፕሮግራም ካለፈው ቦርድ የቀረውን ቁጥር ይዞ «ደህና ነው» ይላል። ይህን ያወቅሁት አንድ ቦርድ ገልብጬ ሳይ ሴንሰሩ ጭራሽ እንዳልተበየደበት ስለተመለከትኩ ነው። አረንጓዴው መብራት ግን በርቷል። ከዚያ በፊት ያለፉትን ሁሉ እንደገና ፈተሽኩ። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ አይደል?

ቀይ መብራትም ይዋሻል፣ ያኛው ግን ቶሎ ይጋለጣል። የተለያዩ ቦርዶች ተከታትለው አንድ ነጥብ ላይ ከወደቁ፣ ቦርዶቹን ከመንቀል በፊት ያችን መርፌ ማየት ይቀድማል። ከብየዳ የሚተርፈው ሙጫ መሰል ነገር ጫፏ ላይ ይጋገራል፤ በብሩሽና በአይሶፕሮፒል አልኮል ሲታሽ ይለቃል። ሲታሽም ካልተሻላት ትቀየራለች።

አሥር ቦርድ ብቻ ለሚሠራ ሰው ይህ ሁሉ ድካም ነው፤ ጥቂት ፖጎ ፒን የተተከለባት እንደ ልብስ መቆንጠጫ ቦርዱን የምትነክስ ዕቃ ትበቃዋለች። ከሃምሳ በላይ ሲሆን፣ በተለይም ያው ቦርድ ተመልሶ የሚመረት ከሆነ፣ ሁለት ቀን ጂግ ላይ ማሳለፍን አልሰስትም። በሺዎች የሚያመርቱት ደግሞ በመቶዎች መርፌ የተሞላ አልጋ ያሠራሉ። ያለ ጂግ መርፌዎቹን ራሱ ከነጥብ ነጥብ እያዘዋወረ የሚለካ ማሽንም አለ፣ ግን ለእያንዳንዱ ቦርድ ጊዜ ይወስዳል።

ከጂጌ ጋር አሁን አንድ ሣጥን አለ፤ በውስጡ አራት ቦርድ ይገኛል። አንዱ እንከን የሌለበት ነው። አንዱ ሴንሰር የለውም፣ አንዱ ሆን ተብሎ ሾርት ተደርጓል፣ አራተኛው ላይ የተሳሳተ ሬዚስተር ተበይዷል። ጠዋት ሥራ ሲጀመር በጂጉ የሚያልፉት እነዚህ ናቸው፤ አንድ አረንጓዴና ሦስት ቀይ ካላየሁ ያን ቀን ምንም አልፈትሽም።