«አራት ኮርድ ካወቅሁ ዘፈኑ አለቀ» እና ሌሎች ስህተቶች

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ጊታር አስተምራለሁ። አንዳንዶቹ ልጆች ባንድ አያምራቸውም። አንድ ግጥም፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ጊታር፣ በቃ። ይዘውት የሚመጡት ስህተት ግን ይመሳሰላል።

«አራት ኮርድ ካወቅሁ ዘፈኑ አለቀ።» የት ያልቃል! ኮርድ አብረው የሚሰሙ ድምፆች ናቸው እንጂ ዘፈን አይደለም። ክራር ግርፍም (ክሮቹን ባንዴ መምታት) ድርደራም (ክሮቹን አንድ በአንድ መንካት) አለው፤ እነሱ ጊታሩን ግርፍ ብቻ ያደርጉታል። እንዲህ ባለ ዘፈን ጊታሩ ሁለተኛ ዘፋኝ ነው። ዘፋኙ ሲተነፍስ ይመልስለታል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ዝም ይላል።

«ዜማው ካማረ ግጥሙ ራሱ ይገባል።» እዚህ ላይ ልቆይ። አንድ ተማሪዬ ስለ ሐረሩ መኪና ግርግር ዘፈን ሠራ። በልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ስም የወጣለትን ያን ጠባብ መንገድ ታውቁታላችሁ። ስንኙ «ሰፊው መንገድ ላይ ቆሞ» ይላል። ልብስ ሰፊውን ማለቱ ነው። ሲዘፍነው ግን «ሰ» ላይ ቆየና «ፊ»ን አጠበቀው። ልብስ ሰፊው ጠፋ፣ መንገዱ ሰፋ! እኔማ ቸርችል ጎዳና የደረስን መሰለኝ።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ዜማው ነው የሚያሳየው። የሚጠብቅ ፊደል ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜውንም ከእሱ በፊት ካለው ድምፅ ይወስዳል። ስለዚህ «ሰ»ን አሳጠርናት፣ ምቱን «ፊ» ላይ ጣልነው፣ ከ«ሰፊው» በኋላ ትንሽ እረፍት ሰጠን። ልብስ ሰፊው ተመለሰ። እናንተም ጊታሩን ከማንሳታችሁ በፊት ግጥሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ የሚጠብቁት ፊደሎች ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ።

«የትዝታ ቅኝት በጊታር አይወጣም።» ይወጣል። ጣጣው ያለው ኮርዱ ላይ ነው። ከዶ የሚነሳ ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። የፋን ኮርድ ስትይዙ ፋ ሳትጋበዝ ትገባለች። አንዳንዴ ታምራለች፤ ግን አስባችሁበት ትግባ።

«ብቻን በጊታር መዝፈን የፈረንጅ ነገር ነው።» ክራር ይዞ ብቻውን የሚዘፍነውን ምን ልትሉት ነው? የድሬው ልጅ አሊ ቢራስ ዑድም ጊታርም ይዞ አልዘፈነም? ፈረንጆቹም ቢሆኑ መንገዱን አልተዉትም፤ እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤንጃሚን ብሪተን እ.ኤ.አ. በ1957 ለአንድ ቴነር (ቀጭን የወንድ ድምፅ) እና ለአንድ ጊታር ስድስት ዘፈኖች ጽፏል።

«ጊታሬ ተበላሸ።» ይህን የሚሉኝ ከሐረር የሚመጡት ናቸው። ጊታሩ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ቅኝቱ ይሄዳል እንጂ ምንም አልሆነም። ሳጥኑን ከፍታችሁ ትንሽ ተዉት፣ ከዚያ ቃኙት። ከመጀመሪያው ዘፈን በኋላም ድገሙት። ሰው ይጠብቃል፤ ድሬ ላይ ማን ይቸኩላል?