ጄላቶ፦ የቤይ ኤሪያው "ጣፋጭ" ካናቢስ

ጄላቶ በካሊፎርኒያ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ኤሪያ የተዳቀለ የካናቢስ (የማሪዋና) ዝርያ ነው። ስሙ የተወሰደው ከጣሊያኖች አይስክሬም ነው። በገበያው "ዴዘርት" የሚባሉ፣ ኬክ፣ ብስኩትና አይስክሬም በሚያስታውስ ሽታቸው የሚሸጡ ብዙ ዝርያዎች አሉ። ከእነሱ መካከል የጄላቶን ያህል ስም ያወጣ ጥቂት ነው። ስኳር ወይም ማጣፈጫ አይጨመርበትም። ሽታው ከአበባው ራሱ የሚወጣ ነው።

የዘር ሐረጉ

ወላጆቹ "ሳንሴት ሸርበት" እና "ቲን ሚንት ኩኪስ" ናቸው። ሳንሴት ሸርበት ደግሞ "ገርል ስካውት ኩኪስ" ከ"ፒንክ ፓንቲስ" ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ቲን ሚንትም የዚያው የኩኪስ ቤተሰብ አባል ነው። ስለዚህ ጄላቶ በእናትም በአባትም ኩኪስ ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚጋባ ሰው ይህ ጉድ ነው፤ በካናቢስ አዳቃዮች ዘንድ ግን የተለመደ ነው። በኩኪስ በኩል የደቡብ አፍሪካው የደርባን ዘር እንዳለበትም ይነገራል። አፍሪካም ድርሻ አላት ማለት ነው።

ዝርያው የሚታወቀው በአዳቃዩ በሸርቢንስኪ፣ ማለትም በማሪዮ ጉዝማን፣ እና "ኩኪ ፋም" በሚባለው የቤይ ኤሪያ ቡድን ነው። ማን የቱን ሠራ የሚለው እንደ ተራኪው ይለያያል። ካሊፎርኒያ ካናቢስን ለሕክምና የፈቀደችው በ1996 (እ.ኤ.አ.) ቢሆንም፣ አዳቃዮቹ የሠሩት ሕጉ ግማሽ ዓይኑን በጨፈነበት ዘመን ነው። መዝገብ የያዘ ብዙ ሰው የለም። ታሪኩ የመጣው በአብዛኛው ከሻጮቹ አፍ ነው።

ከአንድ ማዳቀል ብዙ ችግኝ ይወጣል፣ እያንዳንዱም ትንሽ ይለያል። አዳቃዮቹ ችግኞቹን በቁጥር ለይተው ጥሩ ጥሩውን አስቀሩ። በጣም የታወቀው 33 ቁጥር "ላሪ በርድ" ይባላል። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ላሪ በርድ በቦስተን ሴልቲክስ የለበሰው ማሊያ 33 ቁጥር ነበርና። 41 ቁጥር "ባቺዮ"፣ 47 ቁጥር ደግሞ "ሞቺ" ይባላል። አንድን ቁጥር ሳይለወጥ ማቆየት የሚቻለው ከእናት ተክሏ ቅርንጫፍ ቆርጦ በመትከል ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ክሎን ይሉታል። "ጄላቶ 33" ተብሎ በፍሬ የሚሸጥ ዘር ልጇ ሊሆን ይችላል፤ ራሷ ግን አይደለም።

በስሙ ላይ እምነት መጣል ከባድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በ2019 የታተመ የጄኔቲክስ ጥናት ከኮሎራዶ፣ ከካሊፎርኒያና ከዋሽንግተን ግዛት መደብሮች የ30 ዝርያዎችን ናሙና መርምሮ፣ አንድ ስም የያዙት በዘር የማይመሳሰሉበት ብዙ አጋጣሚ አግኝቷል።

የጣፋጭ ስም ሌላም ጣጣ አለው። ገርል ስካውት ኩኪስ ከእውነተኛዎቹ ብስኩት ሻጮች፣ ከአሜሪካ የሴት ልጆች ስካውት ማኅበር ጋር የሕግ ጭቅጭቅ እንዳይመጣ "ጂኤስሲ" ተብሎ አጠረ። በ2021 ደግሞ የስኪትልስ ከረሜላ ባለቤት ሪግሊ "ዝኪትልዝ" በሚለው የካናቢስ ስም የተነሳ ክስ መሠረተ። ጄላቶ የአይስክሬም ዓይነት መጠሪያ እንጂ የአንድ ድርጅት ንብረት ስላልሆነ ከዚህ ተርፏል። ጄላቶ ከዝኪትልዝ ጋር ተዳቅሎ የወጣው "ረንትዝ" ዛሬ ከጄላቶ ባልተናነሰ ይሸጣል።

መልኩና ሽታው

አበባው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጥቁር አረንጓዴና ወይን ጠጅ ቀለም ይቀላቀልበታል፣ በላዩ ብርቱካንማ ጭረትና ነጭ ሙጫማ ጸጉር አለ። ሽታው ክሬም፣ ቤሪና ሎሚ ቢጤ ሲሆን ከሥሩ በርበሬ በርበሬ ይላል። ይህ ካርዮፊሊንና ሊሞኒን ከሚባሉ ተርፒኖች፣ ማለትም ሽታ ሰጪ የተክል ውህዶች፣ ይመጣል። ጣፋጭ ጣፋጭ የሚለውን ጠረን ግን ተርፒን ብቻውን እንደማያስረዳው፣ በጣም ጥቂት መጠን ያላቸው ሌሎች ውህዶች እንዳሉበት በቅርብ ዓመታት የወጡ ጥናቶች ያሳያሉ። ቲኤችሲው፣ ማለትም የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 በመቶ ይጻፋል። ጠንካራ ነው፤ ለጀማሪ አይመከርም።

አበቃቀሉ

ማበብ ከጀመረ በ8 ወይም በ9 ሳምንት ይደርሳል። የካሊፎርኒያ ገበሬዎች ደጅ የተከሉትን ጥቅምት ላይ ይሰበስባሉ። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ወይን ጠጁ ቀለም ይጎላል። አበባው ስለሚጠቀጠቅ እርጥበት ባለበት ግራጫ ሻጋታ ቶሎ ይይዘዋል፣ ስለዚህ አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ይሻላል። ተጣድፎ ከደረቀ ሽታው ይተናል።

ሕጉ

ካሊፎርኒያ በ2016 ሕዝበ ውሳኔ ለአዋቂዎች ፈቀደች፤ ሽያጭ የተጀመረው ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ነው። በቤት እስከ 6 ተክል ማብቀል ይቻላል። በኢትዮጵያ ማምረቱም መያዙም ወንጀል ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግም እንደ ካሊፎርኒያ አላላም፤ ይህ የእኛን ሰው በቀጥታ ይነካል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ግዛቱ ቢፈቅድም እንኳ ካናቢስ መጠቀም ወይም በካናቢስ መደብር ተቀጥሮ መሥራት ዜግነት ሊያስከለክል ይችላል።