ኢንዳዮል፦ ቶሎ የሚያልፈው ሞለኪውል

ኢንዳዮል የምንለው በድርብ ቦንድ የተያያዙ ሁለት ካርቦኖች እያንዳንዳቸው አንድ ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥምር፣ OH) የያዙበትን ውህድ ነው። አብዛኞቹ ኢንዳዮሎች ዕድሜ የላቸውም፤ በተፈጠሩበት ቅጽበት ካርቦን ከኦክስጅን ጋር በድርብ ቦንድ ወደተያያዘባቸው ውህዶች፣ ወደ አልዲሃይድ (ጥምሩ በሰንሰለቱ ጫፍ ሲሆን) ወይም ወደ ኪቶን (መሃል ሲሆን) ይለወጣሉ። ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር የሚታለፉትም ለዚህ ይመስላል። ያለ እነሱ ግን የስኳር ኬሚስትሪ ጨርሶ አይገባም።

በ1895 አካባቢ ሁለት የኔዘርላንድ ኬሚስቶች፣ ሎብሪ ደ ብሩይንና አልበርዳ ቫን ኤከንስታይን፣ ግሉኮስ በቤዝ (በአሲድ ተቃራኒ) ውስጥ ወደ ሌሎች ስኳሮች፣ ወደ ፍሩክቶስና ወደ ማኖስ፣ እንደሚለወጥ አሳዩ። ሦስቱን የሚያገናኛቸው አንድ ኢንዳዮል ነው። ፍሩክቶስ ኪቶን ሆኖ ሳለ የአልዲሃይድ ስኳሮችን በሚለየው በቤኔዲክት ምርመራ ቀለም የሚቀይረውም በዚሁ መንገድ ነው።

በሴል ውስጥ ደግሞ ትራዮስ ፎስፌት አይሶመሬዝ የተባለው ድንቅ ኢንዛይም አለ። ፎስፌት ከያዘ ባለ ሦስት ካርቦን ስኳር ላይ፣ ከአንዱ ካርቦን፣ ፕሮቶን (የሃይድሮጅን አዮን) ያነሳል፤ ኢንዳዮል ይፈጠራል፤ ፕሮቶኑ በጎረቤቱ ካርቦን ላይ ያርፋል። እስኪጨርስ ድረስ ኢንዛይሙ እንደ ድስት ክዳን ይዘጋል። ኢንዳዮሉ ካመለጠ ፎስፌቱን ጥሎ መርዛማው ሜቲልግላዮክሳል ይሆናል። በፎቶሲንተሲስም ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይም ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው በኢንዳዮል በኩል ነው። ዛይሎስ አይሶመሬዝ የተባለው ሌላ ኢንዛይምም እንዲሁ ይሠራል ይባል ነበር፤ የኋላ ጥናቶች ግን ሃይድሮጅኑ በቀጥታ እንደሚዘዋወር ያመለክታሉ።

ሳይጠፋ የሚቆየው ዝነኛ ኢንዳዮል ቫይታሚን ሲ ነው። አጠገቡ ያለው ካርቦኒል (ከኦክስጅን ጋር በድርብ ቦንድ የተያያዘ ካርቦን) ያረጋጋዋል። ካርቦክሲል (የተለመዱት ኦርጋኒክ አሲዶች የሚይዙት ክፍል) ሳይኖረው አሲድ የሆነውም ኢንዳዮሉ ፕሮቶን ስለሚለቅ ነው። ሃንጋሪያዊው አልበርት ሰንት ጂዮርጂ በ1928 ለየው። በኋላ በሴገድ ከተማ ከፓፕሪካ በብዛት አወጣው፤ የእኛ ቃሪያም የዚያው ዝርያ ነው። ቫይታሚን መሆኑን ቀድሞ ያረጋገጠው እሱ ነው ወይስ አሜሪካዊው ቻርልስ ኪንግ የሚለው ክርክር ከ1932 ጀምሮ አለ። ዋልተር ሃዎርዝ መዋቅሩን አወቀ። በ1937 ሰንት ጂዮርጂ የሕክምና፣ ሃዎርዝ ደግሞ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

የቫይታሚን ሲ ሥራ ሁሉ ከዚህ ኢንዳዮል ይመነጫል። ሁለት ኤሌክትሮን ሰጥቶ ዲሃይድሮአስኮርቢክ አሲድ ይሆናል። ኮላጅን (ቆዳንና አጥንትን የሚያጠናክር ፕሮቲን) የሚያጠነክሩት ኢንዛይሞች ብረታቸው እንዳይበላሽባቸው ይጠብቃል። እጥረቱ ስከርቪን (ድድ የሚያደማ በሽታ) ያመጣል፤ በቀን 10 ሚሊግራም ያህል ይበቃል በሽታውን ለመከላከል። ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን ብረትም ወደሚመጠጠው መልክ ይቀይረዋል። ስለዚህ ከሽሮ ጋር ጥሬ ቃሪያ መብላት በኬሚስትሪም የተደገፈ ነው። ሲበስል ግን ሙቀትና ኦክስጅን የቫይታሚኑን ጥቂት የማይባል ክፍል ያጠፉታል።