ስለ ክመሮች ስም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሁለተኛው ስም የአባት ነው።»
በእኛ ልማድ ካነበብነው እንዲያ ይመስላል። በክመሮች አገር በካምቦዲያ ግን የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ የራስ ስም ይከተላል። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሁን ሰን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሥልጣኑን የተረከቡት ልጃቸው ደግሞ ሁን ማኔት። «አቶ ሁን» ብሎ የሚጽፍ ሰው አባትን ከልጅ አልለየም።

«ሚስት በባሏ ስም ትጠራለች።»
አትጠራም። የሁን ሰን ባለቤት ቡን ራኒ ናቸው።

«የቤተሰብ ስም ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የወረደ ነው።»
በአንዳንድ ቤተሰቦች የአባት የራስ ስም ለልጆች የቤተሰብ ስም ይሆናል። «ኖሮዶም» ራሱ እ.ኤ.አ. በ1904 ያረፉት ንጉሥ ስም ነበር፤ ኋላ የነገሡት የልጅ ልጅ ልጃቸው ሲሃኑክ በቤተሰብ ስምነት ይጠሩበት ነበር። የዛሬው ንጉሥ ሲሃሞኒ ስም ደግሞ የወላጆቻቸው ነው፦ «ሲሃ» ከአባታቸው ከሲሃኑክ፣ «ሞኒ» ከእናታቸው ከሞኒኔያት። ከዚህ የበለጠ የሚያምር አወጣጥ አላውቅም።

«ስሙን ካወቅህ በስሙ ጥራው።»
ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ክመሮች ሰውን በዝምድና ይጠሩታል፣ ባይዛመዱትም። በዕድሜ ትንሽ የሚበልጥህ «ቦንግ» ነው፣ የሚያንስህ «ኡን»፤ ከእናትህ በዕድሜ ትንሽ የምታንሰው የገበያ ነጋዴ «ሚንግ»፣ ሽማግሌው «ታ»፣ አሮጊቷ «ዬይ»። አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ ለአንዱ ታላቅ፣ ለሌላው ታናሽ፣ ለሕፃኑ አጎት ይሆናል። ሚስት ባሏን «ቦንግ» ትለዋለች፣ እሱም «ኡን» ይላታል። ስለዚህ ክመር ገና ሲተዋወቅህ ዕድሜህን ቢጠይቅህ አትቀየም፤ ምን ብሎ በአክብሮት እንደሚጠራህ ማወቅ ፈልጎ ነው።

«ፖል ፖት የልደት ስሙ ነው።»
የካምቦዲያ ኮሚኒስቶች፣ የክመር ሩዥ፣ መሪ የነበረው የዚህ ሰው የልደት ስም ሳሎት ሳር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979 በዘለቀው የክመር ሩዥ አገዛዝ ሰው ሁሉ «ሚት»፣ ማለትም ጓድ፣ እንዲባል ተደረገ። በየመንገዱ የነበረው «ቦንግ» እና «ሚንግ» ተነጠቀ፤ ይህን ከቀላል ነገር የሚቆጥር ተሳስቷል። የተማሩና በቀድሞው መንግሥት ያገለገሉ ሰዎች ነፍሳቸውን ለማትረፍ ስማቸውን ለወጡ። አንዳንዶቹ ከተረፉ በኋላም በዚያው ስም ቀሩ። የጠፋ ወንድሙን ሊፈልግ የወጣ ሰውም የሚያውቀውን ስም እየጠራ ሲጠይቅ፣ ወንድሙ በአጠገቡ በሌላ ስም ሊኖር ይችል ነበር።