ያልተወለደው ልጅ፣ ሕጉ እና የእኛ ምላስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ፣ የበዓላት መቁጠሪያችንን ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ልደት ብቻ አናከብርም። ጽንሰትም እናከብራለን። መስከረም 26 የመጥምቁ ዮሐንስ ጽንሰት ነው። ነሐሴ 7 የእመቤታችን ጽንሰት ነው። መጋቢት 29 ደግሞ ቅዱስ ገብርኤል ያበሠረበት፣ ቃል ሥጋ የሆነበት ቀን ነው። ጌታ ሰው የሆነው በቤተልሔም በተወለደ ጊዜ ነው አንልም። ከዚያ ዘጠኝ ወር ቀድሞ፣ በናዝሬት፣ ገና ማንም ሳያየው ሰው ሆኗል። እመቤታችን ኤልሳቤጥ ቤት ስትገባም የስድስት ወሩ ዮሐንስ በእናቱ ሆድ በደስታ ዘለለ። ገና ያልተወለደው፣ ገና ያልተወለደውን አወቀው።

በማኅፀን ያለው ሰው ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ የቤተ ክርስቲያን መልስ እዚሁ ውስጥ አለ። በየዓመቱ እየቀደስን የምንመልሰው ነው።

ግቢ ጉባኤ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መንፈሳዊ ጉባኤ) የሚማሩት ልጆች ግን፣ ከፖሊም ከፔዳም፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የሚመጡት፣ ጥያቄያቸው ሌላ ነው። «መምህር፣ ጽንስ ማስወረድን ሕጉ ፈቅዷል አይደል እንዴ? ታዲያ ምኑ ላይ ነው ኃጢአቱ?»

እስቲ መጀመሪያ ሕጉን እንየው። ብዙ ሰው ሳያነበው ነው የሚከራከርበት። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ማስወረድን እንዲሁ በደፈናው አልፈቀደም። አንቀጽ 545 አሁንም ወንጀል ይለዋል። አንቀጽ 551 ደግሞ የማያስቀጡትን ሁኔታዎች ያስቀምጣል። ጽንሱ ከመደፈር ወይም ከሥጋ ዘመድ የመጣ ከሆነ፤ የእናቲቱ ወይም የልጁ ሕይወት፣ ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ከሆነ፤ ልጁ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፤ እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት፣ ወይም ገና ልጅ በመሆኗ ልጅ ማሳደግ የማትችል ከሆነ። ለመደፈሯ የራሷ ቃል ይበቃል ይላል ሕጉ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው አንቀጽ ሰው መብት የሚኖረው ከተወለደ ጀምሮ ነው ይላል። በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግን የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ ካስፈለገ እንደ ተወለደ ይቆጠራል ይላል፤ በሕይወት ከተወለደና ለመኖር የሚችል ከሆነ። ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት ከቆየ ለመኖር እንደሚችል ይቆጠርለታል። ስለዚህ አባት ቢሞትና ሚስቱ ነፍሰ ጡር ብትሆን፣ በሆድ ያለው ልጅ ከወራሾቹ አንዱ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ለቤቱና ለከብቱ ሲሆን ልጁ ትዝ ይለናል ማለት ነው።

ሕግ አውጪዎቹን ለመውቀስ አይደለም። የ1997ቱ ለውጥ ምክንያት ነበረው። ስንት እህቶቻችን በድብቅ ሲያስወርዱ፣ ደማቸው እየፈሰሰ፣ ቁስላቸው እያመረቀዘ እንደሞቱ ሆስፒታል የሠራ ሰው ያውቃል። ለእነሱ ሞት ግድ የማይሰጠው ሰው ለጽንሱ አዝናለሁ ቢለኝ አላምነውም። ቢሆንም ሕግ የማይቀጣው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ምቀኝነትን የሚቀጣ አንቀጽ የለም፤ ግን ስንገባ ስንወጣ የምንናዘዘው እሱን ነው።

እግዚአብሔር ለኤርምያስ «በሆድ ሳልሠራህ አውቄሃለሁ» ብሎታል። መጽሐፈ ሄኖክም ከወደቁት መላእክት አንዱ ለሰው ልጆች ያስተማረውን ክፋት ሲቆጥር በማኅፀን ያለን ጽንስ መምታትን ከዚያ ውስጥ ይጨምረዋል። ሄኖክን ከቀኖና መጻሕፍቷ ቆጥራ የያዘች ቤተ ክርስቲያን ልጆች ይህን አላየንም ማለት አንችልም።

በጣም የምወደው ግን የቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ መልስ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽፎ ባስተላለፈው ቀኖና፣ ሆን ብላ ያስወረደች ነፍስ አጥፍታለች ይላል። ጽንሱ ቅርጽ ይዟል አልያዘም ብለንም አንመረምርም ይላል። ወዲያው ግን ሴቲቱን ያያታል። አብዛኞቹ እኮ በዚሁ ምክንያት ራሳቸውም ይሞታሉ ይላል። ንስሐዋን እስከ ዕለተ ሞቷ አታርዝሙባት፣ 10 ዓመት ይሁን ብሎ፣ እሱንም ቢሆን በዘመን ርዝመት ሳይሆን በንስሐዋ ሁኔታ መዝኑት ይላል። ዛሬ የምንከራከረው ሁለት ቦታ ተከፍለን ነው፤ አንዱ ለልጁ፣ ሌላው ለእናቲቱ። እሱ ሁለቱንም በአንድ ቀኖና ያዘ። (እናቲቱ ልትሞት የደረሰችበት ጉዳይ ለብቻው ነው። እሱን ሐኪምና ነፍስ አባት ቁጭ ብለው ያዩታል እንጂ እዚህ ተቀምጬ አልፈርድበትም።)

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። አንዲት ልጅ ከገጠር ለትምህርት ወይም ለሥራ ባሕር ዳር ትመጣለች። ታረግዛለች። መጀመሪያ የምትፈራው ማንን ይመስላችኋል? ሕጉን አይደለም። እናቷን ነው፣ አከራይዋን ነው፣ ማኅበርተኛውን ነው። እኛን ነው። «ዲቃላ ይዛ መጣች» የምንለው እኛ፣ ከመዘምራን ነጠላዋን አስወልቀን የምናስቀምጣት እኛ፣ ስታስወርድ ደግሞ «ነፍሰ ገዳይ» እንላለን። የትኛውን እንድታደርግ ነው የፈለግነው? ልጁ ይወለድ ካልን እናቱ አንገቷን ሳትደፋ ቅዳሴ የምትገባበት ደብር ሊኖረን ይገባል።

ወንዱስ? እሱ እኮ ከበሮውን አንግቶ አሁንም ይዘምራል።

አረጋዊ ዮሴፍን እዩት። እመቤታችን ንጽሕተ ንጹሐን ናት፤ ከማንም ጋር አላወዳድራትም። የምናገረው ስለ ዮሴፍ ነው። ምስጢሩ ሳይገለጥለት፣ መፅነሷን ብቻ ባየ ጊዜ፣ ሕጉ በእጁ ነበር። ወንጌሉ ግን «ጻድቅ ሆኖ ሊገልጣት ስላልወደደ» ይላል። ጽድቁ የታወቀው ዝም በማለቱ ነው። በኋላም ሄሮድስ ሕፃናትን ሲያስፈጅ እናትና ልጁን ይዞ ተሰደደ። እዚሁ ሐይቃችን ላይ፣ ጣና ቂርቆስ፣ ሦስት ወር ከአሥር ቀን እንደተቀመጡ አባቶች ይነግሩናል። እናትን ከነልጇ ያስጠጋ አገር ልጆች ነን፤ የተከራየች ልጅ ሆዷ ገፋ ብለን ዕቃዋን ውጪ ስናወጣ አያምርብንም።

ያስወረድሽ እህቴ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ። ደም እየፈሰሰሽ ከሆነ ወይም ትኩሳት ካለሽ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ ዛሬውኑ። ከዚያ ንስሐ አባትሽ ዘንድ። ዘጌ ባለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ግድግዳ ላይ የተሣለውን በላኤ ሰብእ ታውቂዋለሽ። 78 ነፍስ በልቶ፣ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ የዳነው እሱ ነው። ያንቺ ከዚያ አይበልጥም። የሰፈርሽን ቄስ ካፈርሽ ደግሞ ሌላ አባት አለ። የጣና ደሴት ገዳማት ክብራንና ዳጋ ሴት አያስገቡም፤ ዘጌ ግን ገዳማቱ ክፍት ናቸው፣ ጀልባውም ከባሕር ዳር ይሄዳል። ያስረገዘሽ ሰው ካለም ይዘሽው ሂጂ፤ ቀኖናው ለሁለታችሁም ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።